ዝናብ ሆይ፣ አሁን አትምጣብኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ደጅ የዋለ ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ አንድ ምክር አያጣለትም፤ «ስንት ተራራ፣ ስንት ወንዝ አይተህ! ግጥም ጻፍ እንጂ!» ይለዋል። እኔ ቀያሽ ነበርኩ። ተራራውንም ወንዙንም አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ መሣሪያ ደግሞ ምስሉን ገልብጦ የሚያሳይ የድሮ ዓይነት ስለነበር፣ የወጣትነቴን ዘመን ተፈጥሮ የማስታውሳት እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ነው።

ቢሆንም ምክር ሰማሁ። ወንበሬን መስኮት ሥር አስጠጋሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ (ነፋስ ወረቀት ይበትናል)፤ ከወረቀቱ አናት ላይ «ፀሐይ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ትዝ ያለኝ የብረት ሜትር ነው። ሠላሳ ሜትር የሚለካው የብረት ሜትር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 3 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትበረታ ሌላው ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ቀያሽ ስሌት ያስተካክላል። ይህን በስንኝ ለመቋጠር ሦስት ቀን ታገልኩ። «ቀትር» ከ«ሚሊሜትር» ጋር ቤት እንደሚመታ የተገለጠልኝ ሌሊት ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ገጣሚዎች ሰማይና ምድር የሚሳሳሙበት አንድ ቦታ አላቸው። ችካል ልተክል በዚያ አቅጣጫ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን ሲሳሳሙ አልደረስኩባቸውም። የማውቀው፣ ምድር በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ እንደምትል ብቻ ነው። ከተሳሳሙም እሷ አንገቷን ደፍታ ነው ማለት ነው። ነፋስም ሹክ ያለኝ ነገር የለም፤ ቱምቢዬን ሲያወዛውዝ፣ ኮፍያዬን ገደል ሲጨምር ግን እኔ ብዙ ነገር ብዬዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ተጋበዝኩ። ከእኔ በፊት አንድ ወጣት ወጣና ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ፣

ዝናብ ሆይ ናልን፣ ምድርን አርሳት፣
ተጠምታለችና እንዳትረሳት

አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ስለዚያው ዝናብ ያለኝን አቀረብኩ፤

ዝናብ ሆይ ጥቂት ቆይ፣ አሁን አትምጣብኝ፣
ሁለት ነጥብ ቀርቶኝ ደብተሬ ራሰብኝ።

ሳል ተሰማ። አንድ ሰው ወንበሩን አስተካከለ። ሲያበቃ ያው ወጣት በትሕትና ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቋንቋዎ ጥሩ ነው፤ ተፈጥሮን ግን ትንሽ ቢቀርቧት» አለኝ። ልንወጣ ስንል ማካፋት ጀመረ። ልጁ በሩ ላይ ቆመ፤ ሰማዩን አየ፤ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ጃንጥላ ይዘዋል?» አለ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ አማረርኩ። እሷ አንባቢ ናት፤ የእንግሊዙን ገጣሚ የዊልያም ዎርድስዎርዝን ነገር አጫወተችኝ። ሰውየው ብቻዬን እንደ ደመና ስንከራተት አበቦች አየሁ ብሎ በ1807 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተመው ግጥም ዓለምን ያስደመመ ነው። እኅቱ ግን በ1802 ሚያዝያ ወር በጻፈችው የዕለት ማስታወሻዋ አበቦቹን አብረው እንዳዩዋቸው መዝግባለች። በእኛ ሙያ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር! መሣሪያውን ማን አነበበ፣ ዘንጉን ማን ያዘ ተብሎ ሁሉም በስሙ ይጻፋል፤ ዘንግ ያዡን ከደብተር ያስቀረ ቀያሽ ሥራው ይመለስበታል። ይባስ ብሎ ከግጥሙ ምርጥ የሆኑት ሁለት ስንኞች የሚስቱ እንደሆኑ ሰውየው ራሱ መስክሯል። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነበር። «እንግዲህ ሁለት ስንኝ ላዋጣልህ?» አለች።

ያዋጣችው ግን ሌላ ነው። ከቁም ሣጥኑ ሥር አሮጌ የመስክ ደብተሮቼን ጎትታ አወጣች። የመስክ ደብተር ላጲስ አያውቅም፤ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ ስሕተቱም እንዲነበብ ሆኖ ይቀራል። በቁጥሮቹ ቀኝ «ማስታወሻ» የሚባል ጠባብ ዓምድ አለ። ሚስቴ መነጽሯን አድርጋ እሱን ማንበብ ጀመረች፤ «ጉም። እስከ 4 ሰዓት ተጠበቀ።» «ቀትር። ዘንጉ በሙቀት እንደ ውኃ ይዋልላል፤ ንባቡ አያስተማምንም።» «ነጥብ 14 ላይ ወፍ እንቁላል ጥላለች። ነጥቡ 2.30 ሜትር ወደ ግራ ተዛወረ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ይህንን ለምን አታነብላቸውም?» አለችኝ።

«ቤት አይመታም።»

«አንብብላቸው።»

በሚቀጥለው የግጥም ምሽት የነጥብ 14ን ማስታወሻ እንዳለች አነበብኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ በኋላም ውይይት ተከፈተ። ሰሙን ትተው ወርቁን ፍለጋ ገቡ። አንዱ «ወፏ ነጻነት ናት» አለ። ሌላዋ «የለም፣ እናት ናት፤ እንቁላሉ ያልተነገረ ቃል ነው» አለች። ያ ዝናብ ጠሪው ወጣት ከሁሉም ጠልቆ፣ ወደ ግራ መዛወሩን አጥብቆ ያዘ፤ ለምን ወደ ቀኝ አልሆነም? እዚህ ላይ ብዙዎች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አወያዩ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እስቲ ከባለቤቱ እንስማው። ወፏ ማን ናት?»

«ወፍ ናት» አልኩ።

«ወደ ግራስ?»

«በቀኝ በኩል ገደል ነበር።»