ሳጅን ዮርክ ብቻውን አልነበረም

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊ እግረኛ ወታደር አልቪን ዮርክ በቀረበው ጽሑፍ ላይ «ብቻውን 132 ጀርመናውያንን ማረከ» የተባለው፣ በየቦታው ቢደጋገምም፣ መታረም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1918 በፈረንሳይ የአርጎን ደን ከጠላት ጀርባ የዞረው 17 ሰዎች ያሉት ቡድን ሲሆን፣ አዛዡም ሳጅን በርናርድ ኧርሊ እንጂ፣ ያን ጊዜ ገና ኮርፖራል የነበረው ዮርክ አልነበረም። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ምርኮኞች እንደያዘ መትረየስ ተከፈተበትና 6 ሰዎች ሲሞቱ ኧርሊን ጨምሮ 3 ቆሰሉ፤ ኃላፊነቱ በዮርክ ላይ የወደቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ጀግንነቱ እውነተኛ መሆኑን የሚክድ የለም። ጀርመኖች ሳንጃ ወድረው ሲሮጡበት፣ የፊተኞቹ ደንግጠው እንዳይተኙና እንዳይተኩሱበት ከኋለኛው ጀምሮ ወደ ፊት እያለ በሽጉጥ ጣላቸው፤ ዘዴውንም በቴነሲ ተራሮች ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ሲያድን የለመደው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ምርኮኞቹን ግን ሲጠብቁና ወደ ወገን መስመር ሲነዱ የነበሩት እርሱና 7 ጓዶቹ ናቸው። ዮርክ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ወዲያው በ1919 ሲያገኝ፣ ኧርሊ ለዚያው ውሎ የተሸለመው፣ በእኔ አስተያየት እጅግ ዘግይቶ፣ በ1929 ነው።