ደመወዝ ለማይጠይቀው ሥራ አስኪያጅ ምስጋና

"በነፃ የሚሠራ ሰው ጠፋ" ሲባል እሰማለሁ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የሬስሊንግ አፍቃሪ ጎረቤት የላቸውም ማለት ነው። የሬስሊንግ አፍቃሪ ማንም ሳይቀጥረው የአሜሪካው የሬስሊንግ ኩባንያ የደብሊውደብሊውኢ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነው። የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ማን ይታጠቅ፣ ማን ይሸነፍ፣ ማን ከደግነት ወደ ክፋት ይዛወር፣ ማን በቃህ ይባል፣ ሁሉም በእሱ ጠረጴዛ ያልፋል። አዲስ አበባ የሚኖረው ኃላፊ ደግሞ ልዩ አበል ሊታሰብለት ይገባል። አሜሪካኖቹ ሰኞ ማታ ራታቸውን በልተው የሚያዩትን ፕሮግራም እሱ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ተነስቶ ነው የሚያየው። ከዚያ ቢሮ ገብቶ ሲያዛጋ ይውላል። የራሱ የደረጃ ዕድገት ስንት ዓመት እንደቆየ አያስታውስም። የተፋላሚው የኮዲ ሮድስ ዕድገት ስንት ቀን እንደዘገየ ግን በጣቱ ይቆጥርላችኋል።

"ውሸት እኮ ነው" እያላችሁ አታድክሙት። ያውቃል። ኩባንያው ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ሴኔት "የእኛ ሥራ መዝናኛ ነው እንጂ ውድድር አይደለም" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እውነት ለመናገር ድንገት ፍቅር ይዞት አልነበረም፤ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ አስመርሮት ነው። አፍቃሪው እንግዲህ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ እያወቀ ነው የሚያኮርፈው። የተጣላው ከተሸናፊው ጋር አይደለም፤ ከጸሐፊው ጋር ነው። እንዲህ ያለ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

ፍትሐዊነቱን ማየት የሚፈልግ የጃንዋሪ 2014ቱን ሮያል ራምብል ፈልጎ ይይ። ቦታው ፒትስበርግ ነው። በዚህ ግጥሚያ 30 ሰዎች ተራ በተራ ወደ ሪንጉ ይገባሉ፤ ሌላውን ሁሉ ከገመዱ በላይ አውጥቶ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። ሕዝቡ የሚጠብቀው ዳንኤል ብራያንን ነው። አጠር ያለ፣ ጺሙን ያንዠረገገ፣ ሙያውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። በድራማው ውስጥ አለቆቹ "አንተ ቢ ፕላስ ነህ" ብለው ውጤቱን ዘግተውበታል። ሰላሳኛው ሰው ሲጠራ ሬይ ሚስቴሪዮ ብቅ አለ። ሬይ ሚስቴሪዮ እኮ ነው! በዓለም ዙሪያ ስንቱን ሕፃን ከሶፋ ላይ ያዘለለ ሰው። አዳራሹ በጩኸት አዋረደው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ዳንኤል ብራያን አይደለም። ያሸነፈው ባቲስታም አልተረፈም። ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ሰው ነው፤ ናፍቆቱ ሳምንት ሳይሞላው አለቀ።

ጩኸቱ ግን ሠራ። በኤፕሪል ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ በኩባንያው ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት በሬስልማኒያ 30፣ ብራያን ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ሕዝቡ ጣቱን ወደ ሰማይ እየቀሰረ "የስ! የስ!" አለ። ብዙም ሳይቆይ ብራያን አንገቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ቀበቶውን ተነጠቀ። በፌብሩዋሪ 2016፣ ገና በ34 ዓመቱ፣ ጭንቅላቱ የቻለው ምት ከበቂ በላይ ሆኖ "በቃኝ" አለ። ሕዝቡ አለቀሰ። የምር አለቀሰ። በ2018 ሐኪሞች ፈቅደውለት ሲመለስም በደስታ አበደ። በዓመቱ ምን ሆነ? ሕዝቡ ሌላ የተበደለ ሰው አገኘ። ቀበቶውን ይዞ አልለቅም ያለው በዳይ ደግሞ ያው ብራያን ነበር። ደራሲዎቹ ክፉ አድርገው ጻፉት፤ ሕዝቡም አላቅማማም። እንባውን በደንብ ሳይጠርግ ጮኸበት።

የተበደለው ኮፊ ኪንግስተን ነው። እዚህ ላይ ኩባንያውን ማመስገን ግድ ይላል። ኮፊ የተወለደው ጋና ነው። ኩባንያው ለሕዝብ ሲያስተዋውቀው ግን "ከጃማይካ የመጣ" አለው፤ አነጋገሩንም እንደዚያው እንዲያደርግ ሆነ። በ2009 ጋናዊነቱ ተመለሰለት። ያለ ኤምባሲ ወረፋ፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ ያለ ባንክ ደብተር ሁለት ጊዜ ዜግነት የሚቀይር ድርጅት ሌላ ካወቃችሁ አድራሻውን ላኩልኝ፤ የሚፈልግ ዘመድ አላጣም።

ኮፊ 11 ዓመት ሠራ። ዘለለ፣ ጨፈረ፣ ፈገግ አለ፣ ተሸነፈ። በኤፕሪል 2019 ብራያንን አሸንፎ አፍሪካ ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊውደብሊውኢ ሻምፒዮን ሆነ። ስድስት ወር ያዘው። ኦክቶበር 4 ላይ ሌላው የኩባንያው ሳምንታዊ ፕሮግራም ወደ ፎክስ ቴሌቪዥን ተዛወረ፤ አዲሱ ቤት መመረቅ ነበረበት። ብሮክ ሌስናር መጣ፣ አነሳው፣ ጣለው፣ አለቀ። አሥር ሰከንድ ገደማ። ለመውጣት 11 ዓመት፣ ለመውረድ 10 ሰከንድ። እኛ አገር የስንብት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ለመምታት እንኳ ማኅተሙን የያዘው ሰው ከሻይ እስኪመለስ ይጠበቃል።

ለአንጋፋ የሚሰጠው ክብርም እንዳይረሳ። በፌብሩዋሪ 2020 ሪያድ ላይ የ53 ዓመቱ ጎልድበርግ ብሬይ ዋያትን በሦስት ደቂቃ ገደማ አሸነፈው። ዋያት በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ያበደለት፣ ጭምብሉ ሕፃናትን የሚያስለቅስ ሻምፒዮን ነበር። ወጣቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ከባድ መዶሻ ወርዶበት እንኳ የሚነሳ ጭራቅ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነበር። ለታላቅ ግን ይተኛል። አስተዳደግ ማለት ይህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ላይ ኩባንያው ዋያትን አሰናበተው፤ ከዚያ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ቀጠረው።

አፍቃሪው ሰውን የሚወድበትን መንገድ የፈለገ ሮማን ሬይንስን ይጠይቅ። በ2015 ፊላደልፊያ ላይ ሮያል ራምብልን ሲያሸንፍ ዘመዱ ዘ ሮክ ሳይቀር መጥቶ እጁን አነሳለት። ዘ ሮክን የሚያህል ሰው ጩኸቱን ማብረድ አልቻለም። ለዓመታት እንዲያ ቀጠለ። በኦክቶበር 2018 ሮማን ማይክሮፎን ይዞ ሉኪሚያው እንደተመለሰበት ተናገረ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ወደደው። አገግሞ መጣ። በ2020 ዘመዶቹን የሚበድል ክፉ ሆኖ ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ የጠረጴዛው አናት ተባለ፤ ቀበቶ ይዞ 1,316 ቀን ተቀመጠ። እንግዲህ መወደድ የምትፈልጉ ወጣቶች መንገዱ ክፍት ነው፤ ወይ በጠና መታመም፣ ወይ ዘመድ መበደል።

አሁን ወደ ደረቁ ነገር እንግባ። ኩባንያው ተፋላሚውን "ተቀጣሪ አይደለህም፤ ራስህን የቻልክ ኮንትራክተር ነህ" ይለዋል። ራስን መቻሉ እንዲህ ነው። ሳይፈቀድለት ሌላ ድርጅት ሄዶ መፋለም አይችልም። የጤና መድኑን ግን ራሱ ይገዛል። ሪንግ ላይ ቢሰበር ኩባንያው ያሳክመዋል፤ አትሙት። ከሪንግ ውጭ ኩላሊቱ ቢታመም ኩላሊቱም ራሱን የቻለ ነው። በሴፕቴምበር 2020 እነዚህ ነፃ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ትዊች በሚባለው የቀጥታ ቪዲዮ መድረክ ላይ ጌም እየተጫወቱ፣ ካሜዮ በሚባለው የተከፋይ ቪዲዮ መልእክት መተግበሪያ ላይ "መልካም ልደት" እያሉ ሳንቲም እንደሚለቅሙ ተደረሰበት። አቁሙ ተባሉ። ነፃነትም ልክ አለው።

በዚያው ዓመት፣ ኤፕሪል 15፣ ኮሮና ዓለምን ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ ብዙ ተፋላሚዎችና ሠራተኞች በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ጊዜው ከባድ ነው ተባለ። ዓመቱ ሲዘጋ የኩባንያው ገቢ 974 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ካገኘው ሁሉ ከፍተኛው። በእርግጥም ከባድ ነው፤ ያን ያህል ብር መቁጠር።

አፍቃሪው የስንብቱን ዝርዝር ሲያይ ምን አደረገ? መጀመሪያ "አይ!" አለ። ቀጥሎ ካላንደር ከፈተ። ከዋናው ቡድን የተሰናበተ ተፋላሚ ሌላ ቦታ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ይጠብቃል። በ91ኛው ቀን የት ይገባል? ተፎካካሪው ኩባንያ ኤኢደብሊው ወይስ ጃፓን? ከማን ጋር ይገጥማል? ስንት ኮከብ ያገኛል? ኮከቡ ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው። ዴቭ ሜልትዘር የሚባል ጋዜጠኛ ግጥሚያዎችን ከአምስት ኮከብ ሲያርም ኖሮ፣ በ2018 ኦሳካ ላይ ለተፋላሚዎቹ ለኦሜጋና ለኦካዳ ሰባት ሰጣቸው። ከአምስት ሰባት! በትምህርት ቤት ዘመኔ እንዲህ ያለ አራሚ ባጋጠመኝ። በዚህ ሁሉ መሐል የተሰናበተው ሰው ልጁን በየትኛው መድን እንደሚያሳክም አጀንዳ አልተያዘለትም።

ጉልበት አጥቶ ነው እንዳትሉ። በፌብሩዋሪ 2024 የኮዲ ሮድስ የሬስልማኒያ ቦታ ለዘ ሮክ ሊሰጥ ሲል ሕዝቡ ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው፤ "ኮዲን እንፈልጋለን" አለ። በቀናት ውስጥ ዕቅዱ ተቀየረ። ኮዲ ፊላደልፊያ ላይ ሮማንን አሸነፈ፤ 1,316ቱ ቀንም እዚያ ቆመ። የኩባንያ ፖስተር በቀናት የሚያስቀይር ሕዝብ የፈለገውን ማስቀየር ይችላል። ግን ሁሉ ነገር ለዝማሬ አይመችም። "የጤና መድን" እያላችሁ በጭብጨባ ሞክሩት እስቲ። ምቱ ይሰበራል።

ጆን ሲና ለ20 ዓመት ያህል ሲገባ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ይዘምርለት ነበር። ሕፃናትና እናቶች "በርታ ሲና" ይላሉ፤ ጎልማሶቹ "ሲና አይረባም" ብለው ይቀበላሉ። ዲሴምበር 13፣ 2025 ዋሽንግተን ላይ የመጨረሻ ግጥሚያውን አደረገ። "ተስፋ አትቁረጥ" እያለ ሸሚዝ ሲሸጥ የኖረው ሰው በጉንተር ክንድ ታንቆ መሬቱን መታ፤ እጅ ሰጠ። "አይረባም" ሲሉ የኖሩት ጎልማሶች ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ወዲያው ዞረው ይህን የፈቀደውን የደራሲዎቹን አለቃ ትሪፕል ኤችን በስድብ አጠቡት። እንዴት ሲናን የሚያህል ሰው እንዲህ ይሸኛል? እስከ ሰኞ ድረስ ደግሞ ጉንተር በማን፣ የትና በስንት ደቂቃ መሸነፍ እንዳለበት በየስልኩ ላይ ስንት ዕቅድ ቀርቦ ነበር። ሁሉም ከደራሲዎቹ ይሻላሉ።