ይድረስ ለክቡር የሒሳብ ፒዲኤፍ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከመብራቱ መሄድና ከውኃው አለመምጣት በቀር፣ ደህና ነን። እርስዎም ስልኬ ውስጥ ተመችቶዎት ተቀምጠዋል። ለእርስዎ ቦታ ላስለቅቅ ስል የወንድሜን ሠርግ ቪዲዮ አጥፍቻለሁና ይመችዎት።

የምጽፍልዎ ስለ ቅዳሜው የወላጅ ስብሰባ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ላለችው ልጄ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የደረሰው ለአምስት ተማሪ አንድ ነው። መጽሐፉ እንደ ዕቁብ በዕጣ ይዞራል፤ የእኛ ገና አልወጣም። እስኪወጣ "በቴሌግራም ተልኳል" ተባልን፤ የተላኩትም እርስዎ ነዎት። ልጄ ስልኬን የምታገኘው ማታ ከሥራ ስገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባትሪው እኔን ነው የሚመስለው። ስለዚህ ላሳትምዎ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰለፍኩ። ልጁ "እንዲህ አይወጣም" ብሎ ወደ ወርድ ቀየረዎትና አተመልኝ። የስኩዌር ሩት ምልክቱ ሁሉ ትንንሽ ሳጥን ሆኖ ወጣ። የአዲሱ ካሪኩለም ምልክት መሰለኝ። ኤክስ ስኩዌር ላይ ከፍ ብላ መቀመጥ የነበረባት 2 ደግሞ መሬት ወርዳ ከኤክስ ጎን ቆማለች።

ልጄ ምን ታድርግ? "ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 5ኤክስ ሲደመር 6 እኩል ይሆናል ዜሮ" የሚለውን 2ኤክስ ሲደመር 5ኤክስ ብላ አነበበችው። 7ኤክስ አለች፣ 6ን አሻገረች፣ አካፈለች። ኤክስ ኔጌቲቭ 6 ሰባተኛ ሆነ። እኔም በካልኩሌተር አረጋግጬ "ጎበዝ!" አልኩና ከሥሩ "ታይቷል" ብዬ ፈረምኩ። አሥሩንም ጥያቄ። ፊርማዬ ደግሞ ያምራል።

ቅዳሜ ቲቸሩ ደብተሩን ወላጅ ሁሉ ፊት ከፍ አድርጎ "የዚች ልጅ አባት አሉ?" አለ። ተነሣሁ። "አባት፣ ይሄን አይተው ነው የፈረሙት? መልሱ እኮ ኔጌቲቭ 2 እና ኔጌቲቭ 3 ነው።" ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔ ከኪሴ ያንን ወረቀት አወጣሁ። ቲቸሩ ሳጥኖቹን አየ፣ 2ቷን አየ፣ ዝም አለ። ቆይቶ ቀስ ብሎ የራሱን ስልክ አሳየኝ። ለካ እሱም 68 ልጅ ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ከእርስዎ ነው፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ።

እና ልጄ ምኑን ተሳሳተች? የተሰጣትን በትክክል ሠራች! ዜሮ ከ10 ያገኘችው ግን እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው። ይኸው አደገ፣ አጨብጭቡ ይሉናል። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ እዚያ ሁሉ የተሰበሰበው ሰነፍ ልጅ ብቻ ነው? "ስልክ ያበዛሉ" ይሉናል ደግሞ። መጽሐፋቸው ያለው ስልክ ውስጥ እኮ ነው!

ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት።

በ1997 ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ሊያስተምሩ ስለመጡት ታላቅዎ ስለ ፕላዝማ አላነሣም። እሳቸው ተማሪ ገባው አልገባው ብለው አይጠብቁም ነበር እንጂ 2ን ከቦታዋ አላወረዱም። የአስጠኚ ክፍያውንም ይተዉት።

ይህን የምጽፍልዎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ዛሬ የሚታተመው ምዕራፍ አራት ነው። ልጁን "ወርድ አታድርገው" ብዬዋለሁ፤ "አይዞህ ፋዘር" ብሎኛል። ከፊቴ አራት ሰው አለ። መብራት አሁን ሄደ።

አክባሪዎ፣
የኔጌቲቭ 6 ሰባተኛ አባት