የካሴቱ ሽፋንም አብሮ ይቀመጥ

አንድ ያነበብሁት ጽሑፍ ጸሐፊ የድሮ ካሴቶችን ወደ ዩቲዩብ የሚጭኑ ሰዎችን የሙዚቃችን ባለውለታዎች ማለታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች በኋላ በመጣው የካሴት ዘመን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውንና አጃቢውን ባንድ በአብዛኛው የምናውቀው ከሽፋኑ ላይ ነበር፤ እኔም የሮሃ ባንድን ስም መጀመሪያ ያነበብሁት እዚያ ነው። አሁን ግን ዩቲዩብ ላይ ብዙውን ጊዜ የድምፃዊው ስም ብቻ ይጻፋል፣ እሱም አንዳንዴ ተሳስቶ። እኔ ራሴ የአባቴን ካሴቶች ስጭን፣ የመጀመሪያዎቹን ያለ ሽፋናቸው በመልቀቄ እቆጫለሁ። በተጨማሪም አልበሙ በየዘፈኑ ሲቆራረጥ፣ የአንደኛው ገጽ መዝጊያና የሁለተኛው መክፈቻ ሆነው የተመረጡት ዘፈኖች ቦታቸውን ያጣሉ። የሚጭኑ ወገኖች ሁለቱንም ገጽ ሳይቆርጡ፣ ከሽፋኑ ፎቶግራፍ ጋር ቢያስቀምጡልን እመርጣለሁ።