ለማይል ሲባል አገር የቀየረ አድራሻ

ባለፈው ሰሞን ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወዳጄ ደወለልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ «የእትዬ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ስንት ነበር?» አለኝ።

እትዬ አክስቴ ናቸው። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ሳጥን አላቸው። ቁልፉን ከቤታቸውና ከቁም ሳጥናቸው ቁልፍ ጋር በአንድ ክር አስረው ይይዙታል። ደብዳቤ ከመጣላቸው ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ። ኪራዩን ግን አንድም ዓመት አሳልፈው አያውቁም።

«ምን ልትልክላቸው ነው?»

«እኔ ምንም አልልክም። የማይል አካውንቴ ላይ አድራሻዬ ላደርገው ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የአየር መንገድ ማይል (በበረርክ ቁጥር የሚሰጥህ፣ በኋላ ትኬት የሚቆረጥበት ነጥብ) የሚያጠራቅም ሰው አባል ሲሆን ፎርም ይሞላል፤ ፎርሙ ላይ አድራሻ አለ። ደብዳቤ መቀበያ ብቻ ይመስላል። ግን የትኛው ቅናሽ እንደሚታየው፣ የትኛው ካርድ እንደሚቀርብለት፣ አንዳንዴም በየትኛው ደንብ እንደሚለካ የሚወስነው ይኸው አድራሻ ነው። ስለዚህ ሰው የሌላ አገር አድራሻ ይዋሳል። የአክስት፣ የአጎት ልጅ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ።

ወዳጄ የሰማው፣ አድራሻህ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ በቀላሉ ታገኛለህ የሚለው ወሬ ጊዜው ያለፈበት ነው። ቢሆንም ከባዶ የመጣ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማይል ነገር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የጀመረው በ1981 ነው፤ አሜሪካን ኤርላይንስ አስጀመረው፣ ዩናይትድ ወዲያው ተከተለ። ለብዙ ዓመታት ዋናው መለኪያ ርቀት ነበር። ብዙ የበረረ ደረጃው ከፍ ይላል፣ አለቀ። በ2014 ግን ዴልታና ዩናይትድ ሌላ መስፈርት ጨመሩ፤ የበረርከው ብቻ ሳይሆን የከፈልከውም ይቆጠራል አሉ። ዩናይትድ ላይ ሲልቨር ለሚባለው ደረጃ በዓመት 2,500 ዶላር፣ ከፍ ላለው ለጎልድ 5,000፣ ለላይኛው ደረጃ 10,000 ዶላር ማውጣት ግድ ሆነ።

እዚህ ጋ ቀዳዳ ነበረች። አድራሻው ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አባል የዶላሩ መስፈርት አይመለከተውም ነበር። ለምን? የኔ ግምት፣ ነገሩ ከካርድ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው የአየር መንገዱን ክሬዲት ካርድ ይዞ በዓመት 25,000 ዶላር ካወጣበት ለአብዛኞቹ ደረጃዎች የዶላሩ መስፈርት ይነሳለት ነበር። ውጭ ያለው ሰው ያንን ካርድ ማግኘት ስለማይችል ዝም ብለው ማሩት። በሌላ አነጋገር ሕጉ የተጻፈው ሰውን ወደ ካርዱ ለመግፋት ነው።

አሁን ይህን ይዘን ዱለስ፣ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ እንሂድ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ7,000 ማይል በላይ ነው። ደርሶ መልስ ከ14,000 ያልፋል። የቲኬቱ ደረጃ ሙሉ ማይል የሚያሰጥ ከሆነ፣ በዓመት አራት ጊዜ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው ያኔ ጎልድ ያደርግ የነበረውን 50,000 ማይል ያልፍ ነበር። ነጋዴ ከሆነ፣ ወይም የታመመች እናት ካለችው፣ አራት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ግን ቲኬታችሁን አውጡና ቁጥሩን እዩት። በ071 ከጀመረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቆረጠው ነው። በ016 ከጀመረ ዩናይትድ የቆረጠው ነው። በአጋር አየር መንገድ ለበረረ ሰው ዶላሩ የሚቆጠርለት 016 ላይ ነበር። ስለዚህ ማይሉን ዩናይትድ ላይ የሚያጠራቅም የቨርጂኒያ ሐበሻ፣ በ071 ቲኬት ዓመቱን ሙሉ ተመላልሶ 57,000 ማይል ይዞ የዶላሩ ሂሳብ ላይ ዜሮ ያይ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ያው ቲኬት፣ ያው ወንበር፣ ያው «ዶሮ ወይስ ፓስታ»፣ ዩናይትድ ከሁሉም አባል የሚጠይቃቸውን አራት የራሱን በረራዎች ካሟላ ጎልድ ይሆን ነበር። ልዩነታቸው ፎርሙ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት።

ጎልድ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ዱለስ ቼክ ኢን መስመር ላይ ቆሞ ይይ። የስታር አሊያንስ (ዩናይትድም የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያሉበት የአየር መንገዶች ኅብረት) ጎልድ ማለት ለእኛ ሰው ላውንጁ፣ የእንግዳ ማረፊያው አይደለም፤ ሦስተኛው ሻንጣ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ማንን ይበቃል? አንዲት ሴት መሬት ላይ ተንበርክካ ሻንጣዋን ከፍታ አይቻለሁ። የሕፃን ጫማዎችን ካልሲ ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን ወደ እጅ ቦርሳዋ እያዛወረች፣ አንዱን የሻምፑ ጠርሙስ ከኋላዋ ለቆመ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ። ሚዛኑ 24.5 ብሎባት ነው። ያቺ ሴት ለሦስተኛ ሻንጣ ብላ የእናቷን ፖስታ ሳጥን ብትጽፍ እኔ ድንጋይ አልወረውርባትም።

ለማንኛውም ቀዳዳዋ ተዘግታለች። ዩናይትድ በ2020 አቆጣጠሩን ሲቀይር የአገር ልዩነቱን አነሳው፤ አዲስ አበባም ኖርክ ቨርጂኒያ ደንቡ አንድ ሆነ። ይህንን ለወዳጄ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ሌላ ነገር አይኖርም?» አለኝ።

አለ። ዛሬ አድራሻ የሚዋስ ሰው በብዛት የሚዋሰው በተቃራኒው ነው። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያለው ዘመድ የአሜሪካ አድራሻ ይፈልጋል፤ ለካርድ ጉርሻ። አሜሪካ ያለ ሰው አዲስ ካርድ ሲያወጣ 60,000 ማይል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጠዋል። አውሮፓ ያለው ይህን ሲሰማ የተበደለ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሬዲት ካርድ በተሳበ ቁጥር ከነጋዴው ከመቶ ብሩ ሁለት ብር ገደማ ወደ ባንክ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ክፍያ በ2015 ክሬዲት ካርድ ላይ በ0.3 በመቶ ገደበው። ከመቶው ሠላሳ ሳንቲም ማለት ነው። ጉርሻው የሚወጣው ከዚያ ገንዘብ ነው። ድስቱ ካነሰ ጉርሻውም ያንሳል። የአሜሪካኑ ጉርሻ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ በየሱቁ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ካርድ የሌለው ሰውም ጭምር ይከፍለዋል። (ይህ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

እዚህ ላይ ግን እኔ እጄን አነሳለሁ። ለአየር መንገድ አድራሻ ማሳሳት አንድ ነገር ነው። ለባንክ ማመልከቻ ላይ አውቆ ውሸት መጻፍ ግን አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ወንጀል ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በሂደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ፣ ስድሳ ሺህ ማይል ይቅርና ስድስት መቶ ሺህም ቢሆን አያዋጣም። አድራሻውን ያዋሰው ዘመድም በር ላይ የሚመጣበትን አያውቅም።

እሺ፣ ለአየር መንገዱስ? እዚያም ቢሆን ጣጣው ከሚመስለው ይከብዳል። ማይሉ የእናንተ አይደለም። ቢንያሚን ጊንስበርግ የሚባሉ የሚኒሶታ ራባይ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ይህንን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነው የተማሩት። የኖርዝዌስት አየር መንገድ ደንበኛ ነበሩ፣ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ። በ2008 አየር መንገዱ ከአባልነት ሰረዛቸው። ጥፋታቸው? አቤቱታ አበዙ። በወራት ውስጥ 24 ቅሬታ አቅርበዋል፤ ከነዚያ ውስጥ ዘጠኙ ሻንጣዬ ዘግይቶ መጣ የሚል ነበር። ደንቡ ደግሞ ማን አላግባብ እንደተጠቀመ በራሱ ውሳኔ ብቻ የመፍረድ ሥልጣን ለአየር መንገዱ ይሰጣል። እሳቸው በቅን ልቦና አልሠራችሁብኝም ብለው ከሰሱ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ይህ ክስ በ1978ቱ የአየር መንገዶች ሕግ ምክንያት አይቆምም አለ።

አስቡት። እኚህ ሰውዬ በስማቸው፣ በራሳቸው አድራሻ፣ በከፈሉበት ቲኬት የበረሩ ናቸው። የአክስቱን ፖስታ ሳጥን የጻፈ ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

ሌላም አለ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ አሜሪካን ኤርላይንስ ለሌላ ሰው በፖስታ የተላከ የካርድ ግብዣ ኮድ እየተጠቀሙ ጉርሻ የሰበሰቡ ሰዎችን አካውንት ዘጋ። ማይላቸው ተወሰደ፣ የቆረጡት ጉዞም ተሰረዘ። አየር መንገዶች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ቀልድ ስላልሆነባቸው ነው። ዩናይትድ በዚያው በ2020፣ አብዛኛው አውሮፕላን በኮቪድ ቆሞ ሳለ፣ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። ለመያዣ የሚበቃ ንብረት ላይ ደግሞ ዘበኛ ይቆማል።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ አየር መንገድ ለስካንዲኔቪያ ነዋሪዎች ብቻ ጉርሻ አወጣ። የአጎቴ ልጅ ስቶክሆልም ናት። አድራሻዋን ጻፍኩ፣ ማይሉ ገባ፣ ደስ አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ ለወንድሜ ሠርግ ትኬት ልቆርጥበት ስል አካውንቱ ተቆልፏል። መታወቂያና የመብራት ወይም የውኃ ክፍያ ደረሰኝ ላክ፣ ሁለቱም ላይ ይሄው አድራሻ ይኑርበት አሉኝ። ደብዳቤም በፖስታ ልከውልኝ ነበር። የአጎቴ ልጅ ግን ቤት ቀይራለች፤ ደብዳቤውን ማን እንዳነበበው እግዜር ይወቅ። 31,000 ማይል እዚያው ቀረ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ያኔ ነው የተረዳሁት፤ ትኬቱን በገንዘቤ እየቆረጥኩ።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰውስ ይህን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የመብራት ቆጣሪው በሞቱት አያት ስም ነው። ወይም በአከራይ። አድራሻው ወረዳና የቤት ቁጥር ሆኖ፣ በተግባር «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ነው። የዚፕ ኮድ ሳጥኗ ላይ አምስት ዜሮ ደርድረን ነው የምናልፈው። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው እኛን አስቦ አላዘጋጀውም። እውነተኛውን አድራሻውን የጻፈ ሰው እንኳ አጭበርባሪ ሊመስል ይችላል፤ ይህ የአየር መንገዶቹ ጥፋት ነው፣ ልንነግራቸውም ይገባል።

እና ምን ይሁን ነው የምለው? ብዙዎቻችን ሁለት ቤት አለን። ስድስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ የሚኖር ጡረተኛ አለ፤ እሱ የአዲስ አበባውን ቢጽፍ ማንንም አልዋሸም። የኔ መለኪያ አንድ ናት፦ ደብዳቤው ቢመጣ ከፍቶ የሚያነበው ማን ነው? አንተ ከሆንክ አድራሻህ ነው። ካልሆንክ የሰው ነው።

ደግሞ ውሸት ሳያስፈልግ የተሻለ መንገድ አለ። አዘውትሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበር ሰው ማይሉን ለምን የአየር መንገዱ የራሱ ፕሮግራም በሆነው ሼባ ማይልስ ላይ አያጠራቅምም? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስ ከገባ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የሼባ ጎልድ ሌሎቹ አባል አየር መንገዶችም ዘንድ ይሠራል። የሚያስቀው ደግሞ የዩናይትድ ላውንጅ ነው። የራሱ የዩናይትድ ጎልድ አባል አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሲበር በጎልድነቱ አያስገቡትም። ከሌላ አየር መንገድ ፕሮግራም የመጣ ጎልድ ግን ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ሼባ ጎልድ ይዞ ከቺካጎ ዴንቨር የሚበር ሐበሻ ቡናውን ይዞ ይቀመጣል። የሚጽፈው አድራሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የገዛ ቤቱ።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ ራሱ እትዬ ዘንድ ደወለ። ማታ እሳቸው ደወሉልኝ።

«ያ ጓደኛህ በሳጥኔ ደብዳቤ ይመጣልኛል አለ። መጥቶ ነው የሚከፍተው?»

«አይ እትዬ፣ እሱ እዚህ ነው ያለው።»

«ታዲያ ማን ሊያነበው ነው የሚመጣው?» አሉኝ።