መኪናው ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዟል

በትንሽ ከተማ ቤንዚን ያለቀበት ሰው ብዙም አይጨነቅም። ማደያው "የለም" ቢለው ከማደያው ጀርባ በሃይላንድ ይገኛል። ዋጋው ያንገበግባል እንጂ በአምስት ደቂቃ አስቀድቶ ውልቅ ይላል፣ የሻጩን ስም እንኳ ሳያውቅ። መብራት ግን እስካሁን በሃይላንድ አልተሸጠም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ መኪና ክፍለ አገር የሚወጣ ሰው ከባትሪው በፊት ዘመዱን ይቁጠር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ቢዋይዲና አይዲ ፎር በሚባሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞላች። ፈጣን ቻርጀሩም አብዛኛው እዚያው ነው። ወጣ ስትል የሚጠብቅህ የአልጋ ቤት ሶኬት ነው፤ ያውም አልጋው ሥር የተደበቀው፣ በእጅህ ካልደገፍከው ስልክ እንኳ የማይሞላው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 አምፔር በሚሰጥ ሶኬት ከባዶ ሲሞላ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያም መብራት ካልሄደ። (ክፍለ አገር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ሳቃችሁ እዚህ ይሰማኛል።)

የአልጋ ቤቷ ባለቤት እትዬ "ስልክ ነው የምትሰካው የኔ ልጅ?" አሉኝ። "አይ፣ መኪና" ስላቸው ቀስ ብለው ወደ ካርድ ቆጣሪው ዞሩ። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ እየሄዱ፣ የታማሚ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ የቀረውን ብር እያነበቡ ከንፈራቸውን ይመጡ ጀመር። "ግድ የለም፣ ጀነሬተርም አለን" አሉኝ ደግሞ ሊያጽናኑኝ። በቤንዚን የሚሠራ ጀነሬተር!

ሁነኛው ቦታ ወፍጮ ቤት ነው። ስሪ ፌዝ፣ ማለትም ባለ ሦስት መስመር ጠንካራ መብራት አለ፣ ወፍራም ገመድ አለ፣ ሽቦ በጥርሱ ልጦ የሚያገናኝ የሰፈር ኤሌክትሪሺያንም አይጠፋም። 7 ኪሎዋት ካገኘህ 27ቱ ሰዓት ወደ ዘጠኝ ይወርዳል። ችግሩ ወረፋው ነው። መኪናዬ ከሁለት ማዳበሪያ ጤፍና ከአንዲት እናት በርበሬ ኋላ ተሰለፈ፤ እኔም እንደ ደንቡ አጠገቡ ቆምኩ።

"ስንት ኪሎ ነው?" አሉኝ ጋሼ፣ ባለ ወፍጮው።

"ምኑ?"

"መኪናው ነዋ! እኛ በኪሎ ነው የምናስከፍለው።"

ሁለት ቶን፣ ማለትም 20 ኩንታል። ክርክሩ ከረረና እንደ በቆሎ ይታሰብ ወይስ እንደ በርበሬ የሚለው ላይ ደረሰ። ባለ በርበሬዋ እናት ለኔ ወገኑ፤ "ይኼ እኮ አያቃጥልም፣ አያስነጥስም" ብለው።

በዚህ መሃል ቡና ተፈላ። አቦሉ ላይ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ተጠየቅኩ። ቶናው ላይ አያቶቼ ተቆጠሩ። በረካው ላይ ከጋሼ ጋር በሩቅ ሥጋ ተገናኘን፣ ዋጋውም ወዲያው ወደ በቆሎ ወረደ። ማደያ ውስጥ ይኼ ሁሉ አይገኝም። ለቅሶ መድረስም ነበረብኝ፤ የጋሼ ጎረቤት አርፈው ነበርና ገመዱን ሰክቶ ቁጭ ማለት ነውር ሆነብኝ።

ማታ እትዬ ቤት ኳስ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው መብራት ድርግም! ለጀነሬተሩ ቤንዚን ፍለጋ የተላከው ልጅ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔም ምን አንቀዠቀዠኝ፣ መኪናው በአዳፕተር መብራት መልሶ እንደሚሰጥ ተናገርኩ። ቴሌቪዥኑና ዲሹ ተሰኩ። ሁለቱ የሚበሉት ኢምንት ነው፣ አልከፋኝም። ከዕረፍት በፊት የቢራው ፍሪጅ ተጨመረ። ከዚያ ስልኮች መጡ፣ አንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ይዞ፣ የጎረቤትም ተልኮ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሕዝቡ ኳሱን፣ እኔ ደግሞ የባትሪውን ፐርሰንት እያየን ሳለ እትዬ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን በሁለት ልጆች አሸክመው ብቅ አሉ።

"ሊጡ ኩፍ ብሎብኛል የኔ ልጅ፤ አምሳ እንጀራ ብትሆን ነው።"