ከኋላ የገጨው ብቻ ነው ጥፋተኛው?

በሐምሌ ከቡሬ ወደ ኮሶበር የነዳ ሰው በመንገዱ ላይ ያለችውን የቲሊሊ ከተማን ጭጋግ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ተሳቢ ኩርባ ላይ ተበላሽቶ ቆመ እንበል። ረዳቱ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት የለውም። ከመንገድ ዳር ድንጋይ ይለቅማል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ከኋላ ጎማው አምስት እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ይደረድረዋል። አይሱዙ መጥቶ ተሳቢውን ይገጫል፣ ሚኒባስ ደግሞ አይሱዙውን። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ያነሳል፤ «ርቀት ባለመጠበቅ» ተብሎ የሚኒባሱ ሾፌር ይመዘገባል፤ በቃ።

ሚኒባሱ ውስጥ እግራቸው የተሰበረ እናት አሉ። ልጃቸው ካሳ ለመጠየቅ ባለንብረቶቹ ዘንድ ሲመላለስ ይከርማል። የሚኒባሱ ባለቤት «የቆመውን ጠይቅ» ይለዋል። የተሳቢው «የእኔ መኪና እኮ ቆማለች፣ ማንን ነካች?» የአይሱዙው «እኔም ተገጭቻለሁ፣ ማን ይካሰኝ?»

ይህ የሦስቱ ባለሀብቶች ሙግት ነው። እኚህ እናት እስኪያልቅ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ነድቶት ቢሆን። ካልተሰረቀበት በስተቀር። አንቀጽ 2086 ደግሞ «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «ሦስተኛ ሰው ነው ያመጣው» ብሎ ማምለጥን ይዘጋል። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ባለቤት በማጓጓዣ ውሉ ይጠየቃል። ተሳቢውስ? ያለ ምልክት ኩርባ ላይ መቆም የትራፊክ ደንብ መጣስ ነው፤ ሕግ መጣስም በአንቀጽ 2035 በራሱ ጥፋት ነው። ብዙ ሰዎች ለአንድ ጉዳት ኃላፊ ሲሆኑ ደግሞ በአንቀጽ 2155 በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ተጎጂው አቅም ያለውን ይዞ ሙሉውን ማስከፈል ይችላል፣ የከፈለው ከባልንጀሮቹ ጋር ይተሳሰብ።

በባለንብረቶቹ መካከልም ቢሆን «ከኋላ የመታ» የሚባለው ፍርድ የሕግ ፍርድ አይደለም። አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ የአንዱ ሾፌር ጥፋት ብቻውን ወይም በዋናነት አደጋውን እንዳመጣ ካልተረጋገጠ። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም።

የሚያሳስበኝ ከፍርድ ቤቱ በፊት የሚሆነው ነው። አስታራቂ ሽማግሌ ተጎጂዋ ወደተኙበት ሆስፒታል ይላካል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ሾፌሩ በመንደሩ የሚኖር ሰው ነው፣ ቂም አይጠቅምም። ነገር ግን ሐኪሙ እግሩ ይዳን አይዳን ገና ሳይናገር «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ማስፈረም እርቅ ሳይሆን ሽያጭ ነው፣ ያውም በርካሽ። በዚያ ላይ የሁለት ዓመቱ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ይቆጥራል። ለሕሊና ጉዳት ደግሞ አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1000 ብር ነው፤ ዛሬ ለአንድ ዶሮ መብቃቱን እጠራጠራለሁ። ይህን ሕግ አውጪው ሳያሻሽል መቆየቱ ያሳፍራል።

«ሚኒባሱ ትርፍ ሰው መጫኑን እያወቁ ተሳፈሩ» የሚል የመከላከያ መልስም ከባለንብረቶች እሰማለሁ። በገበያ ቀን ከቲሊሊ ለሚሳፈሩ እናት ሌላ ምን መኪና ነበራቸው?

ለትራፊክ ፖሊሶቻችን የምጠይቀው ቀላል ነው። ፕላኑ ላይ የሦስቱም ሰሌዳ፣ የሦስቱም ባለንብረት ስም ከሊብሬው፣ የሦስቱም የሦስተኛ ወገን መድን ቁጥር ይስፈር። ድንጋዩ ከተሳቢው ስንት ሜትር ርቆ እንደነበርም ይለካ። ጠበቃውም ክሱን ሲጽፍ ሦስቱንም ባለቤቶች ተከሳሽ ያድርግ፤ ድርሻቸውን እርስ በርስ ይከራከሩ።